የጎመኑ ምንቸት ገና አይውጣ

(በነሐሴ ወር የአባላት ስብሰባ ላይ በማኅበራችን የሂሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

 

በአጀንዳው ላይ «ስለ ሾርባ» የሚለውን ስታነቡ አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አይቻለሁ። እውነታችሁን ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛ ስለ ሾርባ ምን አገባት? የምግብ ባለሙያ አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅሁት በሂሳብ አያያዝ ነው፤ ውሎዬም ከደረሰኝና ከመዝገብ ጋር ነው። ስለ ሾርባ እንድናገር የገፋፋኝም ይኸው መዝገብ ነው።

የማኅበራችንን የቁጠባ መዝገብ ገልጣችሁ ብታዩ፣ በየዓመቱ ነሐሴና ጳጉሜን ላይ ያንኑ ነገር ታገኛላችሁ። የቁጠባው ዓምድ ይሳሳል፤ የብድር ጥያቄው ዓምድ ደግሞ ይወፍራል። ምክንያቱን እዚህ የተቀመጥን ሁላችንም እናውቀዋለን። የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ የልጅ ጫማ አለ። በዚያ ላይ እንቁጣጣሽ ይመጣል፤ መስቀል ይከተላል። ወጪው እንዲህ ሲደራረብ ገቢው ደግሞ በክረምቱ ይቀንሳል። ጉልት የምትሸጠው እህታችን ዝናብ ገበያዋን ይበትንባታል። ልብስ የምታጥበው ፀሐይ ታጣለች። ባሏ በቀን ሥራ የሚያድር ከሆነ ግንባታው ይቆማል። በዚህ ወር ከማኅበሩ ብድር ያልደረሳት አባል የት እንደምትሄድ እናውቃለን፤ የአራጣ አበዳሪውን ደጅ ትጠናለች። እዚያ የተወሰደ ገንዘብ እስከ ፋሲካ አይወጣም።

በዚሁ ወር ግን ጓሯችን ይሞላል። በግንቦትና በሰኔ የዘራነው አሁን ደርሷል። ካሮቱ ከአፈር ብቅ ብሏል፤ ድንቹ ይቆፈራል፤ ፎሶሊያው በየሁለት ቀኑ ካልተለቀመ ይጠነክራል። ቆስጣውና ጎመኑ የውጭ የውጭ ቅጠላቸው ሲቀጠፍ ከመሀል እያቆጠቆጡ ከምንበላው በላይ ይሰጡናል። በኮንዶሚኒየም የምትኖሩትም በጆንያና በባልዲ የተከላችሁት በረንዳችሁን አረንጓዴ አድርጎታል። በየሰፈሩ ስዞር የማየው ግን ሌላም አለ፤ ያረጀ ቆስጣ፣ ዘር የያዘ ሰላጣ፣ ተሰነጣጥቆ የቀረ ካሮት። ከዚህ ላይ ሦስት፣ ከዚያ ላይ ሁለት ስለሆነ «ለወጥ አይበቃም» ተብሎ የተተወ ነው።

እንግዲህ ኪስ በሚራቆትበት ወር ጓሮ ይጠግባል ማለት ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ድስት ነው፤ የምናገረውም ስለዚያ ድስት ነው።

ጎመኑን እንዴት እንደምንሸኘው

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲስ ዓመት ነው። እናቶቻችን ዓመቱ ሲለወጥ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይሉ ነበር፤ ዛሬም የምንል አለን። አባባሉ የተወለደው ከክረምት ችግር ነው። የአምናው እህል ከጎተራ አልቋል፤ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ነው። በዚህ መሀል ቤተሰቡን የሚያሻግረው ጎመን ነበር። እህሉ ሲደርስ ጎመን ይሰናበትና ገንፎ በክብር ይገባል።

ደስታው ይገባኛል። ሆኖም በጎመኑ ላይ ትንሽ ግፍ የተሠራበት ይመስለኛል። ክረምቱን ሙሉ ቤተሰብ ተሸክሞ ካሻገረ በኋላ ሳይመሰገን ይባረራል። በእኛ በማኅበርተኞች ቋንቋ ስናገረው፣ ዓመቱን ሙሉ መዋጮዋን ሳታስተጓጉል የከፈለች አባል ትርፍ በሚከፋፈልበት ቀን ስሟ ሳይጠራ እንደ መቅረት ነው። በዚሁ ላይ «ጎመን በጤና» የምንለውም እኛው ነን። ስለዚህ ዘንድሮ የጎመኑን ምንቸት ከማስወጣታችን በፊት ቁጭ ብለን ሂሳቡን እንሥራለት እላለሁ።

ለምን ሾርባ?

የመጀመሪያው ምክንያት ሾርባ ጥቃቅኑን ሁሉ መሰብሰቡ ነው። ሦስት ካሮት ብቻውን ወጥ አይሆንም። ሁለት ድንች፣ አንድ እፍኝ ፎሶሊያ፣ ግማሽ እስር ቆስጣ እያንዳንዳቸው ለአንድ ቤት ምሳ አይበቁም። አንድ ላይ ሲገቡ ግን ድስት ይሞላሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። ወጥ ሽንኩርት ይበላል፤ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በክረምት ደግሞ ሁለቱም ይወደዳሉ። ቲማቲም እርጥበት ሲበዛበት በበሽታ ይመታል፤ ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ፍሬውም ይበሰብሳል። ሾርባ በጥቂት ሽንኩርት ይሠራል። ከጓሮ የተነቀለ ባሮ ሽንኩርት ካለማ ከገበያ ምንም ሳይገዛ ያምርለታል።

ሦስተኛው ምክንያት ውሃው ነው። ጎመን ስንሠራ ብዙዎቻችን ቀቅለን፣ ጨምቀን፣ አረንጓዴውን ውሃ እንደፋዋለን። በውሃ የሚሟሙ ቫይታሚኖች፣ ለምሳሌ ቫይታሚን ሲና ፎሌት፣ ከቅጠሉ ወጥተው የሚገቡት ግን እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ዘር ገዝተን፣ ኮትኩተን፣ አረም ነቅለን ያገኘነውን በማጥለያ አፍስሰን ወደ ቦይ እንሰደዋለን። ሾርባ ግን ውሃውን አይደፋም፤ ከነውሃው ይበላል።

«ታምሜያለሁ እንዴ?»

ሾርባ በቤታችን ስም የለውም። ሰው ሲታመም፣ ጥርሱን ሲነቀል፣ ሐኪም ቤት ሲተኛ የሚወሰድለት ነገር ተደርጎ ይታያል። አንዲት አባላችን ማታ ሾርባ ብታቀርብ ባለቤቷ «ታምሜያለሁ እንዴ?» እንዳላት ነግራናለች። ሌላዋ ልጆቿ «እሺ፣ እራቱስ?» ብለዋታል። በየቤታችን «የሾርባ ማንኪያ» የሚባል ትልቅ ማንኪያ አለ፤ ዘይትና ስኳር እንለካበታለን፣ ሩዝ እንበላበታለን፤ ሾርባ ግን ብዙም አያውቅም።

ሙስሊም እህቶቻችን በዚህ ይበልጡናል። በረመዳን ጾም ሲፈታ ከቴምሩና ከሳምቡሳው ጋር የአጃ ወይም የገብስ ሾርባ ከማዕዱ አይጠፋም፤ ቀኑን ሙሉ የጾመ ሆድ በምን እንደሚለሰልስ ያውቁበታል። አሁን በፍልሰታ ጾም ላይ ላለነውም ይኸው የአትክልት ሾርባ ቅቤም ሥጋም የሌለው የጾም ምግብ ነው። በአንድ ድስት ሁላችንንም የሚያስተናግድ ማኅበርተኛ ማለት ይህ ነው።

የባልየው ቅሬታ ግን መልስ ይፈልጋል። ቀጭን ሾርባ በእርግጥም እራት አይሆንም። ውሃ ውስጥ ሦስት ካሮት ተንሳፍፎ ሲቀርብለት የሠራ ሰው ቢያኮርፍ አይፈረድበትም። ስለዚህ የምንሠራው ሾርባ ማንኪያ ሲነከርበት የሚከብድ፣ ጥራጥሬ ያለበት፣ ከዳቦ ወይም ከቂጣ ጋር የሚበላ መሆን አለበት። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

የነሐሴ ድስት፣ ለ15 ሳህን

የሚያስፈልገን 8 ሊትር ያህል የሚይዝ ድስት ነው። ከጓሮ 500 ግራም ካሮት፣ 500 ግራም ድንች፣ ተልጦና ፍሬው ወጥቶ 500 ግራም የሚሆን ዱባ፣ 300 ግራም ቆስጣ ወይም ጎመን፣ 200 ግራም ፎሶሊያና 200 ግራም ባሮ ሽንኩርት እናመጣለን። ዱባው ገና ካልደረሰ ዝኩኒ ይተካዋል፤ እሱም ከሌለ ካሮቱን መጨመር ነው። ከሱቅ ደግሞ 400 ግራም ምስር ክክ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 5 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨውና አንድ ሁለት ሎሚ እንገዛለን። ውሃው 3 ሊትር ተኩል ነው።

ባሮ ሽንኩርቱን በዘይቱ ሳይጠቁር ቀስ ብሎ ማቁላላት፤ ነጭ ሽንኩርቱንና እርዱን መጨመር፤ ከዚያ በትንንሹ የተከተፈውን ካሮት ጥቂት ደቂቃ ማገላበጥ። ዘይቱን «ለምን ይባክናል?» ብላችሁ አትቀንሱት። ካሮትና ዱባ ውስጥ ያለው፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቢጫው ነገር በሚገባ የሚዋሃደን ቅባት ሲኖር ነው።

ቀጥሎ የታጠበው ምስርና ውሃው ይገባል። ሲፈላ እሳቱን ቀንሶ፣ ድስቱን ከድኖ 20 ደቂቃ መተው። ከዚያ ድንቹ፣ ዱባውና ፎሶሊያው ይገቡና ሌላ 15 ደቂቃ ይበስላሉ። ዱባው ራሱ እየፈረሰ ሾርባውን ያወፍረዋል፤ ዱቄት አያስፈልግም። ቆስጣ ከሆነ በመጨረሻ 5 ደቂቃ ሲቀር በቀጭኑ ተከትፎ ይገባል። ጎመን ከሆነ ጠንካራ ስለሆነ ከድንቹ ጋር ቢገባ ይሻላል። ጨው መጨረሻ ላይ ነው። ደጃፋችሁ ላይ ጦስኝ፣ በሶብላ ወይም የጥብስ ቅጠል ካለ አንድ ቅርንጫፍ ጣል አድርጉበት።

ሎሚው ድስት ውስጥ አይገባም፤ በየሳህኑ ላይ ይጨመቃል። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ምስሩና ድንቹ ቶሎ አይበስሉም፤ ማገዶ ይፈጃሉ። ሁለተኛ፣ ቫይታሚን ሲ በረጅም እሳት ይጠፋል። ጥሬ ሆኖ ሳህን ላይ ሲጨመቅ ግን በምስሩና በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በተሻለ ሁኔታ እንዲወስደው ይረዳል። ደም ማነስ ላለባት እህት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በተቃራኒው ሻይና ቡና ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ብረቱን ያስቀሩታል፤ ጀበናውን አንድ ሰዓት ብናቆየው አንጎዳም።

የዱባውን ፍሬ አትጣሉት። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሲቆላ ለልጆች ቆሎ ይሆናል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ

ይህን ድስት በሚዛን ላይ ላስቀምጠው። ከጓሮ የመጣው 2,200 ግራም ነው፤ ከሱቅ የመጣው ዋነኛው ነገር 400 ግራም ምስር ነው። ይህም ማለት ዘይቱንና ቅመሙን ትተን ከመቶ 85 እጅ ያህሉን የሰጠን የራሳችን አፈር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል፤ ድንችና የመሳሰሉት ሥራሥሮች በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። ከድስታችን ድንቹን ስንቀንስ 1,700 ግራም አትክልት ይቀራል። ለ15 ሲካፈል ለአንድ ሳህን 113 ግራም ይደርሳል። በአንድ ሳህን ከቀኑ ድርሻ ከሩብ በላይ አገኘን ማለት ነው። ምስርም ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ስለሆነ፣ 400 ግራሙ ለ15 ሲከፈል በየሳህኑ ወደ 6 ግራም ይመጣል፤ ይህ በመጠን ከአንድ እንቁላል ጋር ይቀራረባል። ከዳቦ ወይም ከቂጣ ጋር ሲበላ ደግሞ የምስሩና የእህሉ ፕሮቲን ይሟሟላሉ።

የገንዘቡን ሂሳብ ደግሞ በየቤታችሁ እንድትሠሩት አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ክፈሉ። በመጀመሪያው ዓምድ ከጓሮ የመጣውን ጻፉና በዕለቱ የጉልት ዋጋ ተምኑት። በሁለተኛው ከሱቅ የገዛችሁትን፣ በሦስተኛው ደግሞ ማገዶውንና የፈጀባችሁን ሰዓት አስፍሩ። ሰዓቱን እንዳትዘሉት! አትክልት ማጠብ፣ መላጥ፣ መክተፍ ሥራ ነው። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ሲሰፍር በቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ ይታያል። ድንች መላጥ ደግሞ ወንድ ሴት አይመርጥም፤ ፎሶሊያ መቀንጠስ ለስምንት ዓመት ልጅም አይከብድም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለኝ። የመጀመሪያው ዓምድ ድምር ሁሉ ቁጠባ አይደለም። ጓሮው ባይኖር ኖሮ ያንን ሁሉ ካሮትና ዱባ ገዝታችሁ ላትበሉ ትችሉ ነበር። ያ ጥቅም ነው፣ ጤና ነው፤ ገንዘብ ግን አይደለም። ቁጠባ የሚባለው በዚያ ቀን በእርግጥ ታወጡት የነበረውና ያላወጣችሁት ብር ብቻ ነው። ለወጡ የምትገዙት ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ዘይት ስንት ይፈጅ ነበር? የሾርባው ቀን ስንት ፈጀ? ልዩነቱ እሱ ነው። ያ ልዩነት ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ከተተወ እስከ ማታ ይሟሟል። በዚያው ዕለት ለብቻው በተዘጋጀ ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት። ሳጥኑን «የደብተር ሳጥን» በሉት፤ መስከረም ሲጠባ ይከፈታል። አንድ ሾርባ ዩኒፎርም አይገዛም፤ ግን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለሁለት ወር የተጠራቀመ ልዩነት አንዲት እናት ከአራጣ አበዳሪ የምትወስደውን ብድር ሊያሳንስላት ይችላል። እኔ በመዝገቤ ላይ ማየት የምፈልገው ይህን ነው።

ከመድረኩ ሳልወርድ መናገር ያለብኝ

ሾርባን ስላመሰገንኩ ከማይችለው በላይ ላሸክመው አልፈልግም።

በመጀመሪያ ሕፃናት። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 37ቱ መቀንጨር እንዳለባቸው አሳይቷል። ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ ሲጀምር ደግሞ ቀጭን የሾርባ ውሃ መጋት ትንሿን ሆድ በውሃ መሙላት ነው። ለሕፃን የሚሰጠው ከድስቱ ሥር የሚወጣው ወፍራሙ፣ ምስሩና ዱባው ተደፍጥጦ ከማንኪያ ላይ የማይፈስስ ሆኖ፣ ጠብታ ዘይት ተጨምሮበት ነው። ጨው ከመግባቱ በፊት የእሱን ድርሻ መቅዳት ይሻላል። ጡቱም እንቁላሉም ወተቱም እንደየአቅማችን ይቀጥላሉ፤ ሾርባ የእነሱን ቦታ አይወስድም።

ሁለተኛ፣ ማደር። ጥራጥሬና ድንች ያለበት ሾርባ በምድጃ ላይ እንደተከደነ ማደር የለበትም፤ ባይሸትም ሊያሳምም ይችላል። ማቀዝቀዣ ያላት በሰፋፊ ዕቃ ከፋፍላ፣ ቶሎ አብርዳ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ታስገባውና በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ በደንብ አፍልታ ትጨርሰው። ማቀዝቀዣ የሌላት ወይም መብራት የሚጠፋባት የዕለቱን ብቻ ትሥራ።

ሦስተኛ፣ ድንች። ፀሐይ መትቶት የአረንጓደና ብዙ ያጎነቆለ ድንች መርዛማ ነገር ይኖረዋል፤ መፍላትም አያጠፋውም። «ሾርባ ውስጥ ማን ያየዋል?» አይባልም፤ ይጣል።

አራተኛ፣ የመስኖው ውሃ። በከተማችን በቆሻሻ ወንዞች ዳር የሚበቅል አትክልት እንዳለ ታውቃላችሁ። ማፍላት ጀርሙንና የሆድ ትሉን ይገድላል፤ ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጣ እንደ እርሳስ ያለ ብረት ግን በእሳት አይጠፋም፤ በሾርባ ደግሞ ውሃውንም አብረን እንጠጣዋለን። የጓሮ አትክልት ትልቁ ጥቅም በምን ውሃ እንደበቀለ ማወቃችን ነው። ስለዚህ የዕቃ ማጠቢያና የልብስ ሳሙና ፍሳሽ ወደ አትክልቱ መደብ እንዳይሄድ ቦዩን አሁኑኑ እናስተካክል።

አምስተኛ፣ በፓኬት ስለሚሸጠው የሾርባ ዱቄትና ስለ ኩቡ ትጠይቁኛላችሁ። ማንንም አልነቅፍም፤ ነገር ግን ጀርባውን አንብቡ። የይዘት ዝርዝር የሚጻፈው በክብደት ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ጨው ወይም ስታርች ከሆነ የከፈላችሁት ለእሱ ነው። ደም ግፊት ያለባቸው እናቶቻችን በተለይ ይህን አስተውሉ።

ሦስት ሐሳቦች ለጉባኤው

ከዚህ በመነሳት ለውሳኔ የማቀርበው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ በየሰፈሩ አምስት አምስት ቤት እየሆንን በሳምንት አንድ ቀን አንድ ድስት በጋራ እንጣድ። በማኅበሩ ዕቃ ቤት ያሉት ትልልቅ ድስቶች ከድግስ ወደ ድግስ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። የነገርኳችሁን መጠን በእጥፍ ስናደርገው 30 ሳህን ይወጣዋል። አምስት ቤት በአማካይ አምስት አምስት ሰው ቢኖር 25 ሳህን ለእኛ ይበቃል። አምስት ከሰል ከሚለኮስ አንድ ይለኮሳል። ለአንዷ ብቻዋን ከባድ የሆነው መክተፍም ይቀልላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

ሁለተኛ፣ የተረፉት አምስት ሳህኖች የትርፍራፊ ሳህኖች እንዳይሆኑ። ከድስቱ መጀመሪያ የሚቀዱት እነሱ ይሁኑ። ከአልጋ የማይነሱ እናቶች አሉን፤ አራስ የሆኑ እህቶች አሉን፤ የመድኃኒት ክኒናቸውን በባዶ ሆድ የሚውጡ አሉን። በዚህ ዝናብ ደጃቸውን ያንኳኳ ሰው ስንት ነው? ሳህኑን ይዛ የምትሄደው ልጅ ምግብ ብቻ አታደርስም፤ እንዴት እንዳደሩ አይታ ትመጣለች። እስካሁን እዝን ላይ የምንገናኘውን ያህል በቁም ብንጠያየቅ ምን ይለናል?

ሦስተኛ፣ በማኅበሩ መዝገብ ላይ «ከጓሮ በዓይነት የተገኘ ገቢ» የሚል አዲስ ዓምድ እንድከፍት ፍቀዱልኝ። እያንዳንዷ ቡድን በሳምንት አንድ ጊዜ ከጓሮ የወጣውን በኪሎ ትነግረኛለች፤ እኔም እጽፈዋለሁ።

ይህን ሦስተኛውን በተለይ ለደጋፊዎቻችን ማስረዳት እፈልጋለሁ። ዘርና የአትክልት መሣሪያ ሰጥታችሁናል፤ እናመሰግናለን። የዘሩ ወጪ በመዝገባችን ላይ በደረሰኝ ቁጥሩ ይገኛል። ፍሬው ግን የትም አልተጻፈም። የሄደው ይታያል፤ የመጣው ግን ተበልቶ አልቋል። በሪፖርት ላይ «ዘር ተከፋፈለ» ብለን ማቆም አይበቃም። ስንት ኪሎ ካሮት ወጣ? ስንት ሳህን ሆነ? ስንቱ ለታመመ ሰው ደረሰ? የቱ መደብ በውሃ ተኝቶ ምንም ሳይሰጥ ቀረ? የተሳካውንም ያልተሳካውንም በእኩል እንጽፈዋለን። የሴት ሥራ ሁልጊዜ ተበልቶ የሚያልቅ፣ ታጥቦ የሚቆሽሽ፣ ተጠርጎ የሚመለስ ስለሆነ ሰው የሌለ ይመስለዋል። በቁጥር ሲሰፍር ግን እንዳለ ይታወቃል።

እናቶቼና እህቶቼ፣ የገንፎው ምንቸት በሰላም ይግባልን፤ ማሳው ይባረክልን። የጎመኑን ምንቸት ግን እስከ መስከረም መጨረሻ እናቆየው። ጓሮው ገና ይሰጣል፤ የልጆቻችን ደብተርም ገና አልተገዛም።

 ሰብሳቢዋ ሦስቱን ነጥቦች አንድ በአንድ ለድምፅ ታቀርብልኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።